የደጃፉ ፀሐይ

ሆሳዕና ከተማ፣ በስብሰባ መሃል ተነስቼ "መሬታችንን ሳትጠይቁን አትሸንሽኑ" ስላልኩ ያዙኝ። ያስገቡኝ ክፍል መስኮት አልነበረውም። የረጠበ ብርድ ልብስና የሽንት ባልዲ ይሸታል። አንዲት ቀጭን ሴት ሆዷን በመዳፏ ይዛ ግድግዳ ተደግፋለች። የዱራሜ ልጅ ናት፣ የባዮሎጂ መምህርት።

"ምን ሆነሽ ነው ልጄ?"

"የአንጀት ካንሰር ነው፣ እማማ። ቀዶ ጥገና ተደርጎልኛል። ክትትሌን ሳልጨርስ ያዙኝ።"

ሌሎቻችን ጠዋት ግቢ ወጥተን ፀሐይ እንሞቃለን። እሷ ግን የፖሊስ ምርመራዋ አላለቀም ተብላ ተከልክላለች። ፀሐይን እንደ ሰው ትናፍቃት ነበር።

"ፀሐይ ቆዳችን ላይ ቫይታሚን ዲ ታሠራለች" አለችኝ። "እሱ ለሕዋሶቻችን መልእክት ይሆናል። ብዙው መልእክት የሕዋሱን በር አንኳኩቶ እዚያው ይቀራል። ይሄኛው ግን ዘልቆ ይገባል፤ ውስጥ የሚጠብቀው ተቀባይ አለ። ሁለቱ ተያይዘው የሕዋሱ እምብርት፣ ኒውክለሱ ውስጥ ጂኖቹን ያዛሉ። አንዱን ያስነሳሉ፣ ሌላውን ዝም ያሰኛሉ። 'ተባዙ' የሚለውንም ጩኸት ያበርዳሉ።"

ትምህርት ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ግን ገባኝ። በእኛ አገር መርዶ ነጋሪ ከአጥር ውጭ አይጮህም፤ ገብቶ ለቤቱ ታላቅ ነው የሚነግረው። ቤቱን የሚያረጋጋው ታላቁ ነው አልኳት።

"ካንሰሩስ?"

"ሲብስ ያ ታላቅ ከቤቱ እየጠፋ ይሄዳል። መልእክት ቢመጣም የሚቀበል የለም።"

"ታዲያ ፀሐይ ታድንሻለች?"

ሳቀች። "አታድነኝም፣ እማማ። ናፈቀችኝ እንጂ።"

በማግስቱ ጠባቂው በሩን ሲከፍት አልተነሳሁም።

"እሷ ካልወጣች አልወጣም።"

"እማማ፣ እርስዎን አይመለከትም። የእሷ ጉዳይ አላለቀም።"

"ፀሐይዋ ናት የምትመሰክርባት?"

ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ወደ በሩ የሄዱትም ተመልሰው ተቀመጡ።

"በዚህ ዕድሜዎ ያሳምፁብኛል!" አለ ጠባቂው። ሄደ፤ ተመለሰ። በሩን ወለል አድርጎ "ከደፉ እንዳታልፍ" አለ።

ደፉ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ እግሯን ይዛ እስከ ጉልበቷ ወጣች። ሻርፗን ከአንገቷ ፈታች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

ብዙም ሳይቆይ ወዴት እንደሆነ ሳይነግሩን ወሰዷት። ከተፈታሁ በኋላ ዱራሜ ድረስ ሄጄ ስለ እሷ ጠየቅሁ፤ የት እንዳለች አውቃለሁ የሚል አላገኘሁም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ደጄ ላይ ካለው አግዳሚ እቀመጣለሁ፤ ጥላው ባለበት በኩል። ጎረቤቴ ፀሐይ ያረፈችበት በኩል ልትቀመጥ ስትል "ሰው አለው" እላታለሁ።