ከሰላምታ የሸሸ ትከሻ

ቀለም ቀቢ ነኝ፤ እንጀራዬ ቀኝ ክንዴ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጣሪያ ስቀባ መሰላሉ ከዳኝና እንዳልወድቅ የመስኮቱን ብረት በአንድ እጄ ጨበጥኩ። እኔ ወረድኩ፣ ክንዴ እዚያው ቀረ ማለት ይቀላል። ትከሻዬ ወለቀ።

አብሮኝ የሚሠራው አብሮ አደጌ ወጌሻ ጋ ሊወስደኝ ሲል፣ ባለቤቴ በስልክ መጀመሪያ ራጅ ይነሳ ብላ አገደችው። ደግ አደረገች። ሳሪስ አንድ ክሊኒክ ሄድን፤ አጥንት አልተሰበረም። ማደንዘዣ ተወጋሁና ሐኪሟ ክንዴን ቀስ አድርጋ ስትስበው ቋ ብሎ ገባ። የተሰማኝን እፎይታ በምን ልንገራችሁ፤ ጉልበቷን ልስም ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን ቀልድ አታውቅም። ክንዴን አንገቴ ላይ በፋሻ አንጠልጥላ፣ ሲፈታ ፊዚዮቴራፒ እንድጀምር አዘዘችኝ። ደግሞ ከወለቀ ልማድ ያደርገዋል፣ ቀዶ ጥገናም ሊያስፈልግ ይችላል አለችኝ።

ፋሻው እያለ ሰው ሁሉ ከሩቁ «እግዜር ይማርህ» ብሎኝ ያልፍ ነበር። መከራዬ የጀመረው ሲፈታ ነው። የሰፈሬ ወንድ እጅ ጨብጦ ብቻ አይለቅም፤ ሳብ ያደርግና ቀኝ ትከሻህን በትከሻው ይገጫል፤ የናፈቅከው ከሆነማ ደጋግሞ። እንኳን ማረህ ሊለኝ የሚመጣ ሁሉ ሊገድለኝ የሚመጣ መሰለኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ከሩቅ ጎንበስ ማለት ጀመርኩ። ኮራ ተባልኩ። ይበሉ።

የላስቲክ ገመድ ስጎትት፣ ጣቶቼን ግድግዳ ላይ ሽቅብ ሳስኬድ ከረምኩ። ክንዴ ከራሴ በላይ ወጣ፤ ሥራም ጀመርኩ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ሮለሩን ወደ ጣሪያ ባነሳሁ ቁጥር አሁን ወለቀ፣ አሁን ወለቀ እላለሁ። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ክፍል ቀኑን ሙሉ ይውልብኝ ጀመር።

አንድ እሁድ ከባለቤቴ ጋር ከሳሪስ አቦ ቅዳሴ ስንወጣ አብሮ አደጌን አገኘነው። ለሥራ ክፍለ ሀገር ከርሞ መምጣቱ ስለነበር አዲሱን ጠባዬን አልሰማም። ጎንበስ ሳልል ቀደመኝ፤ እጄን ያዘና በዚያ ግዙፍ ሰውነቱ ገጨኝ። ባለቤቴ ጮኸች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሕመሙን ጠበቅኩ።

ምንም የለም። በግራ እጄ ዳበስኩት፤ ቦታው ላይ ነው። እንባዬ መጣ። እሱ ደንግጦ ረስቼው ነው፣ ይቅር በለኝ እያለ ወደ ኋላ ሲል እጁን አጥብቄ ያዝኩት።

«እስቲ ድገመኝ» አልኩት።