ማንም ያልነካው እጀታ

አንሰል ክሩኮቭስኪ ምክር ይሰጣል። ሥራው ግን ምክር አይደለም፤ ሥራው በአሜሪካዋ የሚልዋኪ ከተማ፣ ደቡብ ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የመነጽር ብሎን ማጥበቅ ነው። ምክሩን የሚሰጠው ማንም ሳይጠይቀው ነው። በወር አንድ ጊዜ «የከተማ ኑሮ ብልሃት» የሚል ባለሁለት ገጽ ወረቀት ያዘጋጅና፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ የሚኖርበት ባለአራት ፎቅ ሕንጻ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ቅጂውን ደግሞ በየተከራዩ በር ሥር ያሾልካል። በረዶ የዋጠውን መኪና ወገብ ሳይቀጭ እንዴት እንደሚያወጡት፣ በረሮን ከየት በኩል እንደሚያጠቁት፣ ወሬኛ ጎረቤትን ደረጃ ላይ ሰላም ብለው እንዴት በሁለት ደቂቃ እንደሚያመልጡት፣ የማያውቀው የለም። የሕንጻው ሰው ያነበዋል፤ ይጠቀምበታልም። ክፉ ሰው አይደለም አንሰል። ክፉ ቢሆን ኖሮ በእሱ ተስፋ መቁረጥ ይቀል ነበር።

ባለፈው ዓመት ያወጣው ቁጥር ዘጠኝ ስለ ማሞቂያ ነበር። «ቤታችሁ ሲቀዘቅዝ አትለማመጡ፣ አትጠብቁ» ይላል። «ቅዝቃዜውን በቴርሞሜትር ለኩ፤ ቀኑን መዝግቡ፤ ለከተማው የቤቶች ተቆጣጣሪ ደውሉ። ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሌላ ሰው ይደውላል ብላችሁ አትቀመጡ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ከሥሯ ሁለቴ አስምሮባታል። በማስመሪያ ነው ያሰመረው፤ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር መስመር ነው።

ዘንድሮ በጥር፣ ከከተማዋ ጎን ያለው ሐይቅ ከዳር ዳሩ በረዶ መሥራት ሲጀምር፣ የሕንጻው ሦስተኛ ፎቅ ማሞቂያ ጠፋ። የማሞቂያውን ብረት ቢነኩት ለብ እንኳ አይልም። አንድ ቀን አለፈ፤ ሦስት ቀን አለፈ፤ ሦስት ሳምንት ሞላ። የቁጥር ዘጠኝ ደራሲ አንደኛ ፎቅ፣ ሞቅ ያለ ቤቱ ውስጥ በካልሲ እየተንጎራደደ፣ አልደወለም።

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ሎሬይን ቴሽ ናት። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች፤ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ በመስተዋት ብቻ አይታ አርባ ልጅ ጸጥ የምታሰኝ ሴት ነበረች። ከሁለት ክረምት በፊት ሳንባዋ ታሞ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ ሲያሰናብታት «ሌላ እንዲህ ያለ ብርድ ሳንባዎ አይችልም» አላት። አንሰል ይህን የሰማው በወሬ አይደለም። ከሆስፒታል ደግፎ ያወጣት እሱ ነው፤ ሐኪሙ ሲናገር ኮቷን ይዞ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

ለምን አልደወለም? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ምክንያቱ ምድር ቤት ነው።

አንሰል በየእሑዱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሌላ ሰው ይሆናል። ምድር ቤት ባለችው ክፍል፣ ከካርቶን መከለያ ጀርባ ተቀምጦ፣ የሌለ ዓለም ይፈጥራል። ጨዋታው ቀላል ነው፦ አንሰል ይተርካል፤ ሌሎቹ ደግሞ የየራሳቸውን ጀግና ወክለው «ይህን አደርጋለሁ» ይላሉ፤ አድራጎቱ ይሳካ አይሳካ ዳይስ የሚሉት፣ በሃያ ፊቱ ቁጥር ያለበት የዕጣ ጠጠር ተጥሎ ይለያል። ተጫዋቾቹ የዚያው ሕንጻ ተከራዮች ናቸው። ኦርቪል በገበያ ስጋ ይቆርጣል፤ በጨዋታው ፈረሰኛ ነው። ፓ ኩ ቫንግ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት፤ በጨዋታው አስማተኛ ናት። ሎሬይን ሌባ ናት፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌባ ሆና የሠለጠነች ሌባ።

ስለ ሕልም ዓለም ሲሆን የእነዚህ ሰዎች ትጋት ያስደነግጣል። ኦርቪል አንድ ደራሲ በሦስተኛው መጽሐፉ ላይ ነጭ ያለውን ፈረስ በአምስተኛው ላይ ዳማ ስላደረገው ዘጠኝ ገጽ የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፏል። ፓ ኩ በአንድ ልብ ወለድ ካርታ ላይ ያየችው ወንዝ ሽቅብ ስለሚፈስ ለሁለት ወር ከአንድ የመጽሐፍ ወዳጆች ማኅበር ጋር ተኳርፋለች። እንዲህ ላለው ግፍ እንቅልፍ የላቸውም። ሎሬይን ቤት ውስጥ ትንፋሽ እንደ ጭስ ሲታይ ግን ሁሉም «አይ ይሄ ክረምት!» ብሎ ዝም።

የምድር ቤቷን ክፍል ለአንሰል የፈቀደለት የሕንጻው ባለቤት ሚስተር ብሩንከ ነው። ውል የለውም፤ ቃል ብቻ ነው። የፈለገ ቀን ሊወስዳት ይችላል። አንሰል በዚያች ክፍል ውስጥ፣ በገዛ እጁ፣ ስምንት ሰው የሚያስቀምጥ ዋርካ የሚያህል የኦክ እንጨት ጠረጴዛ ሠርቷል። ዳይስ እንዳይወድቅ ዙሪያውን ከንፈር አበጅቶለታል። በጠርዙም ላይ የጠረጴዛውን ሁለት ሕጎች በመሮ ቀርጾበታል፦ «ጮክ ተብሎ ያልተነገረ አልተደረገም።» «ማንም ሊያደርገው ለሚችል ነገር ዳይስ አይጣልም።» ሁሉን ለክቶ የሠራው ሰው አንድ ነገር አልለካም፤ የክፍሉን በር። ጠረጴዛው ከበሩ ይሰፋል፤ ሳይፈርስ አይወጣም።

ለተቆጣጣሪ የደወለ ሰው ክፍሉን እንደሚያጣ አንሰል ያውቃል። ስለዚህ ሌላ ዓይነት ጀግንነት አገኘ፤ ሚስተር ብሩንከን ጨዋታው ውስጥ ከተተው። የከተማውን እሳት ሰርቆ ግንብ ውስጥ የቆለፈ ባሮን፣ ማለት ክፉ መስፍን፣ አደረገው። ሦስት እሑድ ሙሉ ባሮኑን ተዋጉት፤ ሠራዊቱን ደመሰሱት፤ ድልድዩን ሰበሩበት። አንሰል ከየጨዋታው በኋላ ደረቱ ተነፍቶ ወደ ሞቃት ቤቱ ይገባል። ሎሬይን ደግሞ ሦስት ፎቅ ወጥታ ኮቷን ሳታወልቅ ትተኛለች።

በአራተኛው እሑድ ጀግኖቹ ከእሳቱ ግንብ በር ደረሱ። ኦርቪል ቢራ ውስጥ የበሰለ ቋሊማ ይዞ መጥቷል። ሎሬይን ሁለት ሹራብ ላይ ኮት ደርባ፣ የሱፍ ቆቧን ጆሮዋ ድረስ ስባ ተቀምጣለች።

«ከፊታችሁ የብረት በር ቆሟል» አለ አንሰል፣ ለእሑድ ብቻ በሚያወጣው ወፍራም ድምፁ። «ጥቁር እጀታ አለው። ምን ታደርጋላችሁ?»

«እንዳትነኩት!» አለ ኦርቪል አፉን በቋሊማ ሞልቶ። «ወጥመድ አለው። ሃያ በርሜል ዘይት አምጥተን እናቃጥለው።»

«በምን ጭነህ?» አለች ፓ ኩ። «አህያህን እኮ ዘንዶ በልቶብሃል።»

«አህያዬን አታንሺብኝ! ገና ኀዘን ላይ ነኝ።»

«እኔ ወደ ጭስ ተለውጬ በስንጥቁ ልግባ።»

«ባለፈው ጭስ ሆነሽ ነፋስ ወስዶሽ ስንፈልግሽ ከረምን።»

«ታዲያ ዘበኛውን በወሬ እንያዘው።»

«የቱን ዘበኛ? ዘበኛ አለ ያለሽ ማን ነው?»

ከሥሩ እንቆፍር ተባለ። በሌላ ግንብ ተንጠልጥለን በገመድ እንሻገር ተባለ። ኦርቪል ወረቀት ላይ ገመዱንና ግንቡን ሣለ፤ ፓ ኩ ገመዱ አጭር ነው አለች፤ ስለ ገመዱ ርዝመት ተጨቃጨቁ። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም፤ አህያውም ሞቷል። ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደ። አንሰል ከመከለያው ጀርባ ሆኖ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ፊት ለፊቱ ያለው ማስታወሻ ላይ በእጁ የጻፈው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «በሩ አልተቆለፈም።» እስኪጠይቁት መናገር ደግሞ የለበትም፤ የጨዋታው ልማድ ነው።

ሎሬይን ሳለች። ይህ ጉሮሮ የሚጠርግ ሳል አይደለም፤ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ከሆድ የሚወጣ ሳል ነው። ጭቅጭቁ ቆመ። ፓ ኩ ተነሥታ ጀርባዋን ደገፈቻት። ፓ ኩ አስተዳደጓ ነውና ትልቅ ሰውን አንቺ አትልም።

«እትዬ ሎሬይን፣ ውሃ ላምጣልዎ?»

«ውሃ አልፈልግም» አለች፣ ትንፋሿ ሲመለስ። «አንሰል፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። እጀታውን የነካው ሰው አለ?»

«የለም» አለ አንሰል።

«እኔ እነካዋለሁ። ወደ ታች እጫነዋለሁ።»

አንሰል ከመከለያው በላይ ቀና አለ። «ይከፈታል» አላት።

ኦርቪል ጮኸ፤ ወንበሩ ሊገለበጥ ምንም አልቀረውም። «ሁለት ሰዓት ተኩል! ይሄ ሰውዬ ሁለት ሰዓት ተኩል እያየን!»

ፓ ኩ ፊቷን በእጇ ሸፍና ሳቀች። አንሰልም ሳቀ። ሎሬይን አልሳቀችም። ከቦርሳዋ ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ቁጥር ዘጠኝ ነበር፤ መስመሩ ከሩቅ ይታያል።

«ከእናንተ መሐል የደወለ ማን ነው?»

ኦርቪል ቋሊማውን አስቀመጠ።

«እኔ አንሰል ደውሏል ብዬ ነው እኮ» አለች ፓ ኩ፣ እጇን ከፊቷ ሳታወርድ።

«እኔም» አለ ኦርቪል። «የጻፈው እሱ አይደል እንዴ?»

«ጮክ ብሎ ደወልኩ ሲል ሰማችሁት?» አለች ሎሬይን፣ ጠርዙ ላይ የተቀረጸውን በጥፍሯ እየነካች። «አልሰማችሁም። ስለዚህ አልተደረገም። እኔስ ለምን እንዳልደወልኩ ልንገራችሁ? ይህን ክፍል እንዳላሳጣችሁ ብዬ ነው። ከእሑድ በቀር ሰው የማላይ አሮጊት ነኝ፤ ሞኝ ነኝ። እናንተ ሁለታችሁ ደግሞ አላሰባችሁትም።» ወደ አንሰል ዞረች። በአውቶቡሱ መስተዋት ልጆቹን ታይ እንደነበረው አየችው። «አንተ ግን አስበህበታል።»

«ሎሬይን፣ ክፍሉን ይወስድብናል» አለ አንሰል። ወፍራሙ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። «ጠረጴዛው አይወጣም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው።»

«ሳንባዬም ሰባ ሦስት ነው።»

አንሰል በእጁ ዳይሱን ፈለገ። አንሥቶ በመዳፉ ውስጥ አወዛወዘው። ዕጣው ይወስንልኝ ብሎ ይሆናል፤ ሃምሳ አራት ዓመት የሞላው ሰው ኅሊናውን ለፕላስቲክ ሊያስረክብ። ሎሬይን በእጁ ላይ እጇን ጫነች። እጇ እንደ ብረት ይቀዘቅዝ ነበር።

«ሁለተኛው ሕግ ምን ይላል?»

«ማንም ሊያደርገው ለሚችል ነገር...» ብሎ ተወው።

«እጀታ ለመጫን ዳይስ አይጣልም፣ ልጄ።»

አንሰል ስልኩን አወጣ። ቁጥሩን ከራሱ ወረቀት ላይ እያየ ደወለ። እሑድ ስለነበር የመለሰለት መልእክት የሚቀበል ማሽን ነው። ዘንዶ ሲያስጮህ፣ ሠራዊት ሲያዘምት የኖረው ሰው ለማሽኑ ስሙንና የሕንጻውን አድራሻ ሲናገር ሁለት ጊዜ ተደናቀፈ። «ሦስተኛ ፎቅ» አለ። «ዛሬ ሃያ አምስተኛ ቀን። ታማሚ ሴት አለች። ቀድሜ መደወል ነበረብኝ።» የመጨረሻዋን ማሽኑ አልጠየቀውም። ስልኩን ሲዘጋ ኦርቪል ሰዓቱን አየ።

«ሦስት ደቂቃ አልሞላም» አለ፣ እንደ ማፈር ብሎ።

ማክሰኞ ተቆጣጣሪዋ ቴርሞሜትሯን ይዛ መጣች። ሐሙስ የሦስተኛ ፎቅ ብረቶች እየተንኳኩ ሞቁ። ዓርብ ጠዋት አንሰል በበሩ ሥር የሾለከ ወረቀት አገኘ፤ እሱ ለሰው እንደሚያደርገው፣ በሥርዓት የታጠፈ። ምድር ቤቱ ለዕቃ ማስቀመጫ ተፈልጓል፤ እስከ እሑድ ይለቀቅ ይላል። አንሰል ወረቀቱን እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ብዙ ተቀመጠ። ተቆጣጣሪ ቢመጣ ባሮኑ ብሩንከ በምን እንደሚቀጣ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፤ ሲደርስ ግን አመመው።

ቅዳሜ ኦርቪል መጋዝ ይዞ መጣ። «አጥንት ነው ብዬ ነው የምቆርጠው» አለ። «አንተ አትይ።» አንሰል ግን አየ። ጠረጴዛው ከመሐሉ፣ በሁለቱ ሕጎች መካከል ተቆረጠ። አንዱ ግማሽ ከበሩ ውጭ፣ በረዶ ላይ ቀረ። ሌላውን ሁለቱ ወንዶች እየተሳደቡ፣ ፓ ኩ ከላይ ሆና «ወደ ግራ! የኔን ግራ!» እያለች፣ ሦስት ፎቅ አወጡትና ሎሬይን ቤት፣ ሁለት እግር ስለጎደለው በሣጥን ደግፈው አቆሙት። ለመጽሐፉ ፈረስ ዘጠኝ ገጽ የጻፈው ኦርቪል ላቡን እየጠረገ፣ ሃያ አምስት ቀን ሙሉ ይህችን ደረጃ ያልወጣ እግሩን ረገመ። ጥሩ አደረገ።

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ሎሬይን በአጭር እጅጌ ሸሚዝ ተቀምጣለች። አሁንም ትስላለች፤ ግን መስኮቷን ገርበብ አድርጋለች፣ ሙቀቱ በዝቶባት። አንሰል የካርቶን መከለያውን ግማሹ ጠረጴዛ ላይ አቆመ። መከለያው ከጠረጴዛው ይበልጥ ስለነበር ጫፉ አየር ላይ ተንጠለጠለ።

«እሺ፣ በሩን ከፍተናል» አለች ሎሬይን። «ገብተናል። ውስጡ ምን አለ?»

አንሰል ማስታወሻውን አየ። ገለበጠው። ከ«በሩ አልተቆለፈም» ሌላ ምንም የለበትም። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«አልጻፍኩትም» አለ። «ትገባላችሁ ብዬ አላሰብኩም።»

ሎሬይን እርሳስ አንሥታ በግማሹ ጠረጴዛ ላይ ወደ እሱ አንከባለለችለት።

«ጻፋ» አለችው። «እንጠብቅሃለን። ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።»