ባለ አራት ስልኩ ሰውዬ

ሞባይል ጠጋኟ ስንት ጉድ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ሰውዬ ግን ገጥሟት አያውቅም። ስልኮቹን ቻርጅ ሊያስደርግ በመጣ ቁጥር ክረምት ከበጋ ከማያወልቀው ካፖርቱ እንደ ቤተ ዘመድ እያወጣ በየዕድሜያቸው ይደረድራቸዋል፤ ታጣፊው ሞቶሮላ እንደ ሽማግሌ ከላይ፣ ቀጥሎ ኖኪያው፣ ከዚያ ሳምሰንጉ፣ ቴክኖው ታናሽ ነውና ከዳር። ሲሞሉለት በቴክኖው ወደ ኖኪያው ይደውልና ራሱ ያነሳዋል።

"ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ቆይተህ ደውል!" ብሎ በገዛ ጆሮው ላይ ይዘጋዋል። ወዲያው ፊቱ በርበሬ ይመስላል።

"አየሽው ልጄ? ዘጋብኝ እኮ! ይሄ ኖኪያ የድሮ ዝናው አልለቀው ብሎ ሰው ይንቃል።"

"ታዲያ ሳምሰንጉ ጋ አይደውሉም አባባ?" ትለዋለች ሳቋን ውጣ።

"ከሱማ ከተኳረፍን ሰነበትን።"

ዛሬ ግን ሞቶሮላው ማንም ሳይነካው ጮኸ። ሰውዬው ብድግ አለ። የካፖርቱን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆልፎ አነሳው።

"አቤት? አይ፣ ተሳስተሻል እህቴ። እኔ እሱን አይደለሁም።"

ጠጋኟ ይዘጋዋል ብላ ስትጠብቅ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘው።

"ኧረ ቆይ፣ አትዝጊው! ከደወልሽ አይቀር... ልጆቹ እንዴት ናቸው?"