ሴቷን ወፍ ለአባቴ

ወፍ ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት ቅብጠት ይዞኝ አይደለም፤ አባቴ አዞኝ ነው። አባዬ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ከያዘ ወዲህ ሥራው በመስኮት ወፍ ማየት ብቻ ነበር። የሌላው ሰው ዘመድ በስልክ «መኪና ገዛሽ ወይ?» ይላል። የኔ አባት በወንድሜ በኩል የላከብኝ ጥያቄ «እዚያ አገር ያሉት ወፎች ምን ይመስላሉ?» የሚል ነበር።

ያኔ በስደት የምኖረው ቡፎርድ ሃይዌይ የሚሉት ጎዳና ላይ፣ አንድ አሮጌ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ነው። በረንዳዬ የሚያሳየው የቆሻሻውን ገንዳና ከጀርባው ያሉትን ጥዶች ነበር። ከፖውን ሾፕ፣ ዕቃ በመያዣ ይዞ ከሚያበድር ሱቅ፣ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ። የሱፍ ፍሬ በሣህን አድርጌ በረንዳው ብረት ላይ አሰርኩና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ቀይ ወፍ መጣ። ሁለመናው ቀይ፣ አፉ ዙሪያ ጥላሸት የተቀባ፣ አናቱ ላይ ቁንጮ ያለው። ኩራቱስ ቢባል!

አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሳቀችብኝ። «ሰው በሰው መኪና ተደግፎ ፎቶ ይነሳና ይልካል፤ አንቺ ወፍ ትልኪያለሽ። አበደች ይሉሻል!» ይበሉኛ! ላክሁት።

አገር ቤት ስልክ ወዳለው ጎረቤት ስደውል ወንድሜ መልሱን ነገረኝ። አባዬ ፎቶውን ትራሱ ሥር አድርጎ ለጠያቂው ሁሉ ያሳያል። «ግን እንዲህ ያጌጠው ወንዱ ነው» ብሏል፤ «ሴቷን ደብቃ አስቀርታለች። ሴቷን ካላየሁ አላምናትም በላት።»

እሺ አባዬ። የዚያን አገር የብርድ ወራት ሙሉ ሴቷን ሳሳድድ ከረምኩ። ሴቷ ቡናማ ናት፤ ክንፏና ጭራዋ ላይ ብቻ ቀላ ይላታል፤ ጥዱ ላይ ካረፈች ዐይን አይለያትም። ካሜራው ቀጭ ሲል እብስ! ገንዘቤን ከፍዬ ፊልሙን አሳጥቤ ሳመጣው ባዶ የበረንዳ ብረት ነው። ስንቱን የበረንዳ ብረት አነሳሁ!

ከሥሬ ካለው ፎቅ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ይኖሩ ነበር። ከሥራ ስመለስ «ነይ ቅመሺ» ብለው የሚያስገቡኝ፣ በዚያ አገር እናት የሆኑኝ ሴት ናቸው። የተበላሸውንም የዳነውንም ፎቶ ለሳቸው አሳያለሁ። ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ ደግሞ እንዲያውም አብዝተው ይጠይቁኝ ጀመር። «በርቺ ልጄ፣ አባትሽ ደስ ይላቸዋል» ይሉና ፊታቸውን ወደ ምድጃው ያዞራሉ። እኔ ጅሏ ሽንኩርቱ ነው ያስለቀሳቸው ብዬ። ወንድሜም ስደውልለት «አባዬ ደህና ነው፤ ሴቷን እየጠበቀ ነው» ይለኛል።

ከፋሲካ በኋላ ተሳካልኝ። ቀዩ ወፍ ፍሬውን ፈልፍሎ በአፉ ሲያጎርሳት! ሁለቱም አፍ ለአፍ ገጥመው፣ ጥርት ብለው ወጥተዋል። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ብቻዬን እልል አልኩ። ጀርባው ላይ «ይኸውልህ ሴቷ፤ አሁን እመነኝ» ብዬ ጻፍኩና ፖስታውን አሸግሁ። እትዬ «ፖስታ ቤት ያጠፋዋል፤ የሚሄድ ሰው አለኝ» ብለው ከእጄ ተቀበሉኝ። ሰንበት ብዬ ስጠይቃቸው «ደርሷል» አሉኝ። «አይተው ሳቁ አሉ።»

በግንቦት፣ ሰኞ ሥራ በሌለበት በረጅሙ ዊክኤንድ፣ ጎህ ሲቀድ ካሜራዬን ይዤ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ፓርኪንጉ ውስጥ መኪና በመኪና ላይ ይገባል። ሰዎቹ በሩን ቀስ አድርገው እየዘጉ ወረዱ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ይኼማ መርዶ ነው! በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አለባበስ ሌላ ምን ሊሆን? እትዬም መሀላቸው ቆመዋል። ከላዬ ያለው ልጅ እናቱ ታመውበታል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ውይ ምስኪን፣ ለሱ ነው አልኩ። ካሜራውን ጣልኩና ነጠላዬን አዘቅዝቄ በሩጫ ወረድኩ። ከኋላ ተቀላቅዬ አንዷን «ማን ሞተበት?» አልኳት በሹክሹክታ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሌላዋን ጠየቅሁ። ክንዴን ይዛ ወደ ደረጃው መራችኝ። አብሬያቸው ደረጃውን ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርሱ እኔ በር ላይ ቆሙ።

የአባቴን መርዶ የሰማሁት እንዲህ ነው፤ የሰው ለቅሶ ልደርስ ለብሼ።

«መቼ?» አልኩ።

«ጾሙ ሳይገባ» አሉ አንድ ሽማግሌ። ወንድሜ ያኔውኑ ለእትዬ ደውሎ ነግሯቸው ኖሯል።

«ታዲያ እስካሁን ለምን?»

«ብርዱ ይውጣላት ብለን፣ ፋሲካዋን አናበላሽባት ብለን… ደግሞ ሁላችንም ከሥራ ኦፍ የምንሆንበት ቀን እስኪገኝ። ላንቺው ብለን ነው ልጄ።»

ለኔ! አባቴ አፈር ለብሶ፣ የኔ ሐዘን የሰው ኦፍ ዴይ ሲጠብቅ ከረመ። እኔ በየማለዳው ለሞተ ሰው ወፍ ሳሳድድ፣ እነሱ እያዩ «በርቺ» ይሉኛል። እንዲህ ያለውን ደግነት ለጠላቴም አይስጠው። ዛሬም ሲነሳብኝ ደሜ ይፈላል።

ቤት አስገብተው አስቀምጠውኝ፣ እነሱ ደረት እየመቱ ያለቅሳሉ። እኔ እንባ እንቢ አለኝ።

«ሴቷን አላያትም ማለት ነው?» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ «ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው፤ ውኃ አምጡላት» አለች። ነገሩ የገባቸው እትዬ ብቻ ናቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። ቦርሳቸውን ከፈቱና ፖስታውን አውጥተው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። በምራቄ እንዳሸግሁት ነበር።