ድልህ በማንኪያ

የበደለኝ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጊዜው ደርግ በወደቀ በአራተኛው ዓመት፣ የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል ነበር። ዛሬ በየለቅሶው «ይህን ሰፈር ንግድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» ሲል ስለምሰማ ነው የምጽፈው።

መካኒሳ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። እሱ በንግድ ሥራ ተመርቆ የቲማቲም ድልህ አስመጪ ዘንድ ተቀጥሯል። ጣሳው በሰፈራችን አልሸጥ ብሏቸዋል። «እትዬ፣ ሰው እንዴት እንደሚገዛ ልይ። የመካኒሳ ወኪል የምትሆኚው አንቺ ነሽ» አለኝ። ወኪል መሆን ማለት ለእኔ የጅምላ ነጋዴ ደጅ ከመጥናት መገላገል ነበር፤ አመንኩት። ሁለት ሳምንት ከባንኮኒዬ ጀርባ ተቀመጠ። ምሳውንም ያበላሁት እኔ ነኝ።

ያየውን ሁሉ አስረዳሁት። ሙሉ ጣሳ የምትገዛ ሴት የለችም። ድህነት ብቻ አይደለም፤ የተከፈተ ጣሳ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ይሻግታል፣ ካልሻገተም ጎረቤት ተውሶ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጣሳውን ከፍቼ ለዕለቱ ወጥ የሚበቃውን በማንኪያ፣ በላስቲክ ቁራጭ ላይ እሸጣለሁ። ሁሉንም በደብተሩ ጻፈ።

ለገና ጾም ድርጅቱ በአንድ ማንኪያ ልክ የታሸገ ድልህ አስመጣ። ወኪልነቱን ግን ከመንገዱ ማዶ መጋዘን ላለው ነጋዴ ሰጡት። ባለቤቴ ባለበት ምክንያቱን ጠየቅሁት።

«እትዬ፣ ይሄ ስትራቴጂ ነው። የሚፈለገው መጋዘንና መኪና ያለው ሰው ነው። አንቺ ያለሽ ማንኪያ ነው» ብሎ ሳቀ። ባለቤቴም አብሮት ሳቀ።

እሽጉ አልሄደም። አንዲት ልብስ አጣቢ ደንበኛዬ ከማዶ ገዝታ ስትመለስ፣ «መርቅልኝ ብለው፣ ፋብሪካውን ጠይቂ አለኝ። ፋብሪካው ጎፋ ያለ መሰለው እንዴ?» አለችኝ። እኔ ማንኪያውን ሞልቼ ከሰጠሁ በኋላ በጫፉ ትንሽ እጨምራለሁ። ሴቶቹ የሚመጡት ለዚያች ምራቂ ነው። የባለቤቴ ወንድም ግን ከባንኮኒዬ ጀርባ ሆኖ ይህን ሲያይ በደብተሩ «ብክነት» ብሎ ነበር የጻፈው። በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ለዐቢይ ጾም ዋዜማ ሱቄ መጣ። እሽጉ ለምን እንዳልተሸጠ ካላወቀ እንጀራውን ሊያጣ ነው።

«እትዬ፣ ሰፈሩን ታውቂዋለሽ። ምንድን ነው ያጠፋሁት?»

«የተማርከው አንተ ነህ» አልኩት።

«ወንድሜ ይሙት፣ ንገሪኝ።»

«እንግዲያው ወንድምህን ጠይቀው። እሱም አብሮህ ስቋል።»

አልነገርኩትም። ከፋሲካ በፊት ከሥራው ተሰናበተ። በዚያው ሳምንት መርካቶ ሄጄ ከሌላ አስመጪ ጣሳ በካርቶን አመጣሁ። ሲያገባ ሠርጉ ላይ አልተገኘሁም።