የእማዬ ማንኪያዎችና የመስከረሙ ዓሣ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ማንኪያ አይበረክትም ነበር። እማዬ ከታችኛው ከተማ፣ ከሲቀላ ገበያ ገዝታ ታመጣለች፣ መስከረም ሲገባ አንዱ ይጠፋል፣ ሳይቆይ ሌላው ይከተላል። የወሰደው ማን እንደሆነ ደግሞ ለማንም ምስጢር አልነበረም። አባባ፣ የእማዬ አባት፣ በረንዳው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የማንኪያውን እጀታ በመጋዝ ይቆርጣል፣ የቀረውን ጫፍና ጫፉን በምስማር ይበሳል፣ በአንዱ ቀዳዳ መንጠቆ፣ በሌላው የናይለን ክር ያስገባል። እማዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አባባ፣ ልጆቹ ሾርባቸውን በምን ይጠጡ?» ስትለው ቀና ብሎ ያያትና «በአፋቸው» ይላል። ልትቆጣ ትጀምርና ሳቋ ይቀድማታል።

የሚገርመው፣ አባባ ያኔ ዓሣ ማጥመድ ካቆመ ቆይቶ ነበር። ዓይኑ ደክሞ፣ ጉልበቱም ጀልባ ላይ መውጣት እምቢ ብሎት፣ ሲቀላ ያለውን ቤቱን ለልጁ ለማርቆስ ትቶ ላይኛው ከተማ ሴቻ እኛ ጋ መኖር ጀምሯል። የዓሣ ማባበያዎቹን መሥራት ግን አልተወም። የዓሣ ቅርጽ የያዙትን ማንኪያዎች በረንዳው ላይ በተወጠረ ሽቦ ይሰቅላቸዋል፣ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲመጣ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ያንቃጭላሉ። የልጅነቴን መስከረም ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያ ድምፅ ነው።

አባዬ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ስለነበር የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ነበር። አባባም ተረቱን የሚነግረን በአማርኛ ነው፤ ሲያወራ ግን ጋሞኛው ከሥር ይሰማል፣ ዓሣውም በአንድ ትንፋሽ ወንድም ሴትም ይሆናል። «መጣች፣ አየኝ፣ ዋጠችው፣ ሄደ!» ይላል። ተማሪ በእንዲህ ያለ ስህተት የሚያስጨንቀው አባዬ፣ ለአባባ ሲሆን ጋዜጣውን አጥፎ «ከዚያስ እርስዎ ምን አደረጉ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አባዬ እንዲህ ሲጠይቅ አባባ ይኮራል፣ እኛ ደግሞ ተረቱ ሊረዝም ነው ብለን ደስ ይለናል።

ስለ ሚሊኒየሙ በየመንገዱ ይወራ በነበረበት በዚያ ሰሞን መብራት እንደ ልማዱ ምሽት ሲሆን ይጠፋል። እማዬ ፋኖሱን አብርታ በረንዳው ምሰሶ ላይ ትሰቅላለች፣ ከሰሉ ላይ የበቆሎ እሸት ይደረደራል፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን ወደ አባባ እንጠጋለን። ከታች፣ ከጫካው ማዶ፣ ጫሞ ሐይቅ ጠቁሮ ይታያል። አባባ ፍሙን በእንጨት ገለጥ ገለጥ ያደርግና ሁልጊዜም በአንድ ቃል ይጀምራል። «ያን መስከረም ብቻዬን ነበርኩ።»

ያን መስከረም ደጋው ላይ ዝናብ ጥሎ የኩልፎ ወንዝ ቀልቶ ይወርዳል። ቀዩ ውሃ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ከአረንጓዴው ጋር ወዲያው አይቀላቀልም፤ መሐላቸው ላይ ጥርት ያለ መስመር ይሠራል። ትናንሾቹ ዓሦች ወንዙ ያመጣውን ትል ፍለጋ መስመሩ ላይ ይሰበሰባሉ። ትልቁ ዓሣ፣ ናይል ፐርች የሚሉት፣ ቀዩ ውስጥ አይገባም፣ ዓይኑ ይጨልምበታላ። ከመስመሩ ወዲህ፣ አረንጓዴው ውስጥ፣ ከሥር ሆኖ ወደ ላይ ያያል። እዚህ ላይ አባባ አንገቱን ሰብሮ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ የታች ከንፈሩን ያወጣል፤ ታናሽ ወንድሜ አባባ መሆኑን ረስቶ ይፈራዋል።

ከዚያ ወደ ማባበያው ይመጣል። ውሃው የደፈረሰ ዕለት ማንኪያው በአመድና በሎሚ ታሽቶ ማብረቅ አለበት፣ ዓሣው ከሩቅ እንዲያየው። ውሃው የጠራ ዕለት ግን ያው ማንኪያ ፍሙ ላይ ተይዞ በጭስ መጥቆር አለበት፣ አለዚያ ዓሣው ይጠረጥራል። ይህን ሲል አንዱን ማንኪያ ከሽቦው አውርዶ ጭሱ ላይ ያገላብጠዋል። ሲጎትቱት እንደ ጤነኛ ዓሣ ቀጥ ብሎ እንዳይመጣ፤ ሳብ፣ ተው፣ ይስመጥ፣ እንደገና ሳብ። «የታመመ ዓሣ ይሁን። ትልቁ የሚበላው የታመመውን ነው፣ የሚበላውም ሲሰምጥ ነው።» ሲነክስ መመንጨቅ የለም፣ ክሩ እስኪከብድ መጠበቅ ነው። ሲዘል ክሩን ማላላት፣ ሲሰምጥ መያዝ። የሐይቁ ወፎች ተኝተው ከሆነ ደግሞ ዓሣ የለም፣ ሰውም ቤቱ ይተኛ።

ዓሣው በመጨረሻ ይያዛል፣ ጀልባውን እየጎተተ ይዞት ይሄዳል፣ ክሩ የአባባን መዳፍ ይሰነጥቃል፤ ጠባሳውን በፋኖሱ ብርሃን ያሳየናል። ከዚያ ክሩ ይበጠሳል። በየመስከረሙ ይበጠሳል፤ እኛም በየመስከረሙ «ዛሬስ ባይበጠስ» ብለን ትንፋሻችንን እንይዛለን። «የት ነበር ግን?» ብለን ስንጠይቀው አንድም ቀን ሳያመነታ «ሾላው ጋ» ይላል። ሾላው ጋ ማለት ከጀልባ መቆሚያው ብዙም የማይርቅ፣ ትልልቅ ሾላዎች ጥላቸውን የጣሉበት ፀጥ ያለ ዳርቻ ነው። ወንዝ አይገባበትም። ቀይ ውሃ ከሌለበት መስመሩ ከየት እንደመጣ አንዳችንም አልጠየቅንም፤ ተረት የሚሰማ ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይመጣለትም።

አጎቴ ማርቆስም በዚያ ተረት ያደገ ነው። በዚያ በሚሊኒየሙ መስከረም ከጓደኞቹ ጋር ተዳብሎ ጀልባ ያዘ። ሌሎቹ መረብ እንጣል ሲሉ እሱ የአባቴን መንገድ አውቃለሁ ብሎ፣ ከሽቦው ማንኪያዎቹን አራግፎ፣ ሾላው ጋ ወሰዳቸው። አባባ ምሽት ምሽት «የት ዋላችሁ?» ይለዋል። «ሾላው ጋ» ሲለው አባባ «ጎሽ» ብሎ ወደ በቆሎው ይመለሳል። ልጁ የሱን ሥራ ስለያዘለት ደስ ብሎት ነው ብዬ አስብ ነበር።

መስከረሙ እየገፋ ሄደ፣ ሾላው ጋ ግን አንድም ትልቅ ዓሣ አልነከሰም። ማንኪያው በአመድ ታሸ፣ በጭስ ጠቆረ፣ ታመመ፣ ሰመጠ፤ ምንም የለም። ጓደኞቹ መጀመሪያ ቀለዱ፣ በኋላ ሰለቹ፣ በመጨረሻ «የአባትህን ተረት ይዘህ አንተው ቅር» ብለው ወደ መረባቸው ሄዱ። መስቀል ሊገባ ሰሞን ማርቆስ ሊመሽ ሲል መጣ። አልተቀመጠም። እማዬ ያቀረበችለትንም በቆሎ አልተቀበለም።

«አባባ፣ እድሜ ልክህን ስትዋሸን ነው የኖርከው» አለ። «እዚያ ዓሣ ኖሮም አያውቅም። ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ እኔ አንተን አምኜ!»

አባባ ፍሙን በእንጨት ገለጥ ገለጥ አደረገ። ማርቆስ ቀጠለ።

«ነገ ወንዙ አፍ ጋ እሄዳለሁ። አዞ ገበያ። ቀይ ውሃ የሚገባው እዚያ ነው፣ ራስህ ነህ ያስተማርከኝ።»

አዞ ገበያ የሚባለው ኩልፎ ጫሞ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ነው፤ አዞዎቹ ገበያ እንደወጣ ሰው ተሰብስበው አሸዋው ላይ ፀሐይ ስለሚሞቁ እንዲህ ተባለ። ጎብኚ በትልቅ ጀልባ ከሩቅ ያየዋል እንጂ አጥማጅ በትንሽ ጀልባ አይጠጋውም። አባባ ብድግ አለ። «አትሄድም» አለው፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሱ ሰምቼ አላውቅም። ማርቆስ «ከእንግዲህ የአንተን ቃል የሚሰማ የለም። ለመስቀልም አትጠብቁኝ» ብሎ ወጣ።

እኛ አገር ተጣልቶ መስቀልን መብላት የለም። እማዬ የቃለ ሕይወት ዘማሪ ነች፣ ደመራ ፊት አትቆምም፤ ቢሆንም ያ ሥርዓት ከደሟ አልወጣም። የተጣላ ሳይታረቅ ሥጋ አይቆረስም። ያን ምሽት ዕቃ ስታጥብ እያለቀሰች ነበር፤ እኔ ደግሞ ሥጋውን ረስቼ ጫሞን አስብ ነበር፣ አጎቴ እንዳይሞትብኝ።

ሲነጋጋ አባባ በትሩን ይዞ ተነሳ። እማዬ ብቻውን አልለቀውም አለች፣ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ። ወደ ሐይቁ የሚወርድ የዓሣ ፒክአፕ ጫነን። ጀልባ መቆሚያው ስንደርስ ማርቆስ ክሩን እየጠቀለለ ባለ ሞተር ጀልባውን ሊገፋ ነው። አባባ ከመንገዱ ዳር ጎንበስ ብሎ ጤዛ ያለበት ሣር በሁለት እጁ ነቀለ።

ለማያውቅ ሰው ሣር ነው። ጋሞ ውስጥ ግን ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ፊትህ ከቆመ ያነሳኸው ዱላ ይወርዳል፣ የጀመርከው መንገድ ይቆማል፤ እምቢ አይባልም። ሣር የሚያዘው ግን ለተቆጣ ሕዝብ፣ ደም ለተቃቡ ሰዎች ነው። አባት ለልጁ ሣር ይዞ ሲንበረከክ ያየ ሰው እዚያ ዳርቻ አልነበረም። መረብ የሚጠግኑት እጃቸው ቆመ። እማዬ «ወይኔ አባቴ!» ብላ አፏን ያዘች። አባባ ያ የታመመ ጉልበቱን ጭቃው ላይ አሳረፈና ተረቱን ጀመረ።

«ያን መስከረም ብቻዬን አልነበርኩም።»

ያው ተረት ነበር። ቀዩ ውሃ፣ መስመሩ፣ የታመመው ማንኪያ። ቦታው ግን ሾላው አልነበረም፣ ወንዙ አፍ ነበር፤ ጀልባው ላይም ታናሽ ወንድሙ ዛሳ ነበር። ሁለቱ ከካምባ ደጋ፣ ዓሣ ከማይበላበት አገር፣ አብረው የወረዱ ናቸው። ዓሣው ሲነክስ ክሩን የያዘው አባባ ነው። ጀልባው ወደ አሸዋው ሲጎተት ዛሳ «ልቀቀው» አለ። አባባ አልለቀቀም። ዛሳ ጀልባውን በእግሩ ሊያቆም ጥልቅ ወዳልሆነው ውሃ ወረደ፤ አዞ ያዘው። ክሩ አልተበጠሰም፤ አባባ በቢላዋ የቆረጠው ነው፣ ሲቆርጠው ግን ረፍዶ ነበር። ሬሳውም አልተገኘም። ለእናታቸው ወባ ገደለው ተብሎ ተነገረ፤ እማዬና ማርቆስም እስከዚያች ጠዋት የሚያውቁት ወባውን ነበር።

«ዓሣ እንዴት እንደሚያዝ ሁሉንም ሰጠኋችሁ» አለ አባባ። «ቦታውን ግን እንዴት ልስጥህ? ሰው ይሳቅብህ ልጄ፣ እኔንም ውሸታም በለኝ፤ ብቻ እዚያ አትሂድ።»

ማርቆስ ጭቃው ላይ ወደቀ። ሣሩን ከአባባ እጅ ተቀብሎ ግንባሩ ላይ አደረገውና እንደ ሕፃን አለቀሰ። አባባም በዚያ የማንኪያ እጁ የልጁን ራስ ይዳብስ ነበር። ቆይቶ ማርቆስ ዓይኑን ጠርጎ «ከሩቅ ብቻ ቦታውን አሳየኝ» አለው።

አባባን ብብቱን ይዘው አንስተው ጀልባው ላይ አስቀመጡት። እማዬ ሐይቁን ትፈራው ነበር፣ ግን ወጣች፤ እኔንም ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘችኝ። ብዙ ተጓዝን። አሸዋው ላይ የተጋደሙት አዞዎች ግንድ መስለው ሲታዩ ማርቆስ ሞተሩን አጠፋ፤ ከዚያ አልጠጋም አለ። ከፊታችን ቀዩና አረንጓዴው ውሃ ልክ አባባ እንደሚለው በመስመር ተለያይተው ነበር። የሚያጠምድበት ቢኖር በዚያ ዕለት የሚይዝ ይመስለኛል፤ ወፎቹ ሁሉ ነቅተው ነበር።

አባባ ኮፍያውን አውልቆ በጋሞኛ መናገር ጀመረ። ጸሎት መስሎኝ ነበር። የኔ ጋሞኛ ያኔ የጓሮ ጨዋታ ያህል ብቻ ቢሆንም ጥቂት ቆይቼ ገባኝ፣ ለዛሳ ወሬ ነው የሚነግረው። እናታቸው መቼ እንዳረፈች፣ የደጋው መሬት ለማን እንደደረሰ፣ መንገድ ካምባ እንደገባ፣ ማንን እንዳገባ፣ ማንን እንደወለደ። ለስንት ዓመት ያልተነገረ ወሬ ነበርና ቶሎ አላለቀም። የእማዬን ስም ጠራ፣ የማርቆስን ጠራ፣ ከዚያ ወደ ልጅ ልጆቹ ዞረ።

አባባ ካረፈ ቆይቷል። ማርቆስ አሁንም ጫሞ ላይ ነው፣ በመረብ ያጠምዳል። እኔ ተረቱን ለልጆቼ ነግሬያለሁ፤ ማንኪያውን እንዴት እንደሚያጠቁሩት ያውቃሉ። በውስጤ የቀረው ግን ሌላ ነው። ያን ጠዋት፣ እማዬ ጭን ላይ ሆኜ፣ አባባ ውሃው ውስጥ ላለው ወንድሙ ስሜን ሲነግረው ሰማሁ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ስንተኛ ክፍል እንደገባሁ፣ ተረት ስሰማ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ነገረው። ከዚያ በፊት ዛሳ የሚባል ዘመድ እንዳለኝ አላውቅም ነበር፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን ወደድኩት፣ እሱም የሚያውቀኝ መስሎ ተሰማኝ።