በእግር መሃል የሚያልፈው ቀበቶ

ሣጥኑ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና የመጣ ዕለት እኔና ሁለቱ ባልደረቦቼ እንደ ልጅ ተንጫጫን። ውስጡ ያለው ለወራት በሥዕል ብቻ ስናየው የከረምነው የጠላቂ ዕቃ ነው። መሥሪያ ቤታችን የሐይቆችን ውሃና ጭቃ ያጠናል። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ለጠላቂ ጥልቅ የሚባል አይደለም፤ ወደ ደቡብ ግን በእሳተ ገሞራ የተቦረቦረ ጥልቅ ሐይቅ አለ፤ እዚያ ወለሉ ላይ የተቀመጡ መለኪያዎቻችንን ጠልቆ የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል። ልምምዱና ፈተናው ባሕር ዳር፣ ሥራው እዚያ ነው። ፈተናውን ያላለፈ ይቀራል። እኔ መቅረት አልፈለግሁም። በሕይወቴ እንደዚያ አጥብቄ የተመኘሁት ነገር ጥቂት ነው።

አሰልጣኛችን ሐይቁ ዳር ባለው ግቢያችን ሰሌን አስነጥፎ ዕቃውን ደረደረልን።

«ይኸ አጥንታችሁ ነው» አለ የጀርባውን ብረት አንሥቶ። ከትከሻ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ለአከርካሪ እንዲመች መሃሉ የጎደጎደ ጠፍጣፋ ብረት ነው። «መንታው የአየር ጠርሙስ በውጭ በኩል ይታሰርበታል፤ እናንተ በውስጥ በኩል። በመካከል ክንፉ ይገባል።» ክንፍ የሚለው አየር ሲነፋበት የሚያብጥ ጥቁር ከረጢት ነው፤ ውሃ ውስጥ ከፍ ዝቅ የምንለው በእሱ ነው።

እኔ አንድን ነገር ካላገላበጥሁት የማይወጣልኝ ሰው ነኝ። ከባዱን ብረት አነሣሁ፣ ከአሉሚኒየም የተሠራውን ቀላሉን አነሣሁ፣ መልሼ ከባዱን አነሣሁ። ወፍራሙ የላስቲክ ልብሴ ያንሳፍፈኛል፤ ብረቱ ከባድ ከሆነ ወገቤ ላይ ብዙ የማስጠሚያ እርሳስ መሸከም አይኖርብኝም። ይኸንን አስረድቼ ከባዱን መረጥሁ። ክንፉንም መካከለኛውን ወሰድሁ። አንደኛው ባልደረባዬ ትልቁን ክንፍ ታቅፎ አልለቅም ሲል አሰልጣኙ ሳቀበት። «ይኸማ አየሩ አንድ ጎንህ ላይ ተሰብስቦ ሲያገላብጥህ ሊውል ነው» አለው። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «አንቺ ግን አንብበሽ መጥተሻል» አለኝ። ኩራቴን አልደብቅም፤ ደረቴ ተነፋ።

ቀጥሎ ማሰሪያው መጣ። ምንም መቀጣጠያ የሌለው አንድ ረጅም ጠፍር ነው፤ ከብረቱ ይነሣና በትከሻ ዞሮ፣ በብብት ሥር አልፎ፣ ወገብ ላይ በአንድ የብረት ዘለበት ይቆለፋል። አሰልጣኙ በትከሻና በጠፍሩ መካከል እጅ እንዲገባ አድርጎ ሁለቱን ወንዶች ለካቸው። እኔን ሲለካ በጣቱ ጫፍ ነበር፤ ጠፍሩን እንጂ እኔን ላለመንካት ሲጠነቀቅ ላብ በላብ ሆነ። በመጨረሻ አንዲት አጭር ቀበቶ ከሰሌኑ ላይ አነሣ። ከብረቱ ታችኛው ጫፍ ተነሥታ፣ በእግር መሃል አልፋ፣ ከእምብርት በታች ከወገቡ ቀበቶ ጋር የምትያያዝ ናት። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዓይኑን ወደ ሐይቁ ላከ።

«ይቺ ደግሞ… ያው ናት፤ ታውቋታላችሁ» ብሎ መልሶ አስቀመጣት።

ይኸ ሰው ቀይ ባሕር ሲጠልቅ የኖረ፣ በውሃ ሥር ብረት ሲበይድ የሠራ ነው። ግን ልጅ ሳለ አባቴ ዘንድ ዳዊት ደግሟል። አባቴ ሐይቁ ዳር ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ የዜማ መምህር ናቸው፤ ወደቡ በሙሉ የኔታ ነው የሚላቸው። የየኔታን ልጅ ፊት ለፊት አቁሞ፣ ይኸ ቀበቶ በእግርሽ መሃል ይግባ ማለት ለእሱ ከየትኛውም ጥልቀት ይከብዳል።

«ለእኔ ያለ እሷ ይሁንልኝ» አልሁት። «ወገቤን አጠብቀዋለሁ።»

«እንዳሻሽ» አለኝ። ቶሎ ነው ያለው፤ ትከሻው ሲቀለው አየሁት።

የቀበቶዋን ጥቅም አላውቅም አልልም፤ አንብቤዋለሁ። ብረቱ ወደ ራስ እንዳይሸራተት ወደ ታች የምትይዘው እሷ ናት። ግን ማሳበቢያ ስፈልግ አላጣም፤ ያ ለወንዶች ነው፣ የእኔ ዳሌ ሰፊ ስለሆነ የወገቡ ቀበቶ አያልፈውም፣ እያልሁ ራሴን አሳመንሁ። እውነቱ እፍረት ነው። የላስቲኩ ልብስ ራሱ ከሰውነቴ ተጣብቆ ምንም አያስቀርም፤ በዚያ ላይ ቀበቶ በዚያ ቦታ አልፎ፣ ከፊትና ከኋላ ተወጥሮ፣ ተሳላሚ በሞላበት ወደብ ልሄድ? ስብሰባ ላይ ከወንዶች ጋር ተፋጥጬ የምከራከር፣ ሠላሳን ያለፍሁ ሴት ነኝ። ወደቡ ላይ ስደርስ ግን የየኔታ ልጅ ብቻ እሆናለሁ፤ ጉልበቴ ራሱ ሳላዘው ይገጥማል። እንዴት መቀመጥ እንዳለብኝ እናቴ በቁንጥጫ ነው ያስተማረችኝ። አባቴ ግን ስለ አለባበሴም ስለ አቀማመጤም አንድ ቀን ተናግረውኝ አያውቁም። የባሰው ይኸው ነው፤ እሳቸው ያላሉትን ሁሉ እኔው በእሳቸው ድምፅ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ።

ልምምዱን ዳር ዳር፣ በራስ ሳንዘቀዘቅ ስለጨረስን የቀበቶዋ ጉድለት አልታየም። የፈተናው ጠዋት ወደቡ ነጭ በነጭ ሆኖ ጠበቀን። የአንዱ ደሴት ገዳም ክብረ በዓል ስለነበር ተሳላሚው ጀልባ ይጠብቃል። አባቴም መቋሚያቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከሩቅ እጅ ነሥቻቸው በባልደረቦቼ ጀርባ ተከልዬ አለፍሁ። ያቺ ቀበቶ ባለመኖሯ ደስ አለኝ።

ፈተናው ቀላል ነው፤ ወደ ጭቃው መውረድ፣ ሳይነኩት ከላዩ ጸጥ ብሎ መንሳፈፍ፣ በራስ ተዘቅዝቆ አንድ የተጣለ ዕቃ ማንሣት፣ ቀስ ብሎ መውጣት። የጣና ውሃ ቡናማ ነው፤ ክንድን ዘርግቶ ጣትን ማየት ያቅታል። መውረዱ መልካም ነበር። በራሴ ስዘቀዘቅ ብረቱ ከነጠርሙሶቹ ከጀርባዬ ተነሥቶ ተንሸራተተና ማጅራቴን መታኝ። የወገቤ ቀበቶ ዳሌዬን እንደ ቀልድ ትቶ ጎድኔ ላይ ወጣ፤ ትንፋሼን አሳጠረው። በአንድ እጄ ብረቱን ወደ ታች እጎትታለሁ፣ በሌላው መብራት ይዣለሁ፤ ክንፉን የማዝበት እጅ የለኝም። መብራቱን ለቅቄ አየር ስነፋ ክንፉ አበጠና እኔን ወደ ታች ትቶ ብቻውን ወደ ላይ ሄደ፤ ጠፍሩ ብብቴ ውስጥ ተሰነቀረ። ከላይ ስደርስ ጠርሙሱ ከኋላ እየገፋ ፊቴን ውሃ ውስጥ ደፋው፤ መተንፈሻው ከአፌ ወጣ፤ ውሃ ጠጣሁ። ባልደረባዬ በጠፍሩ ጎትቶ ወደቡ ጣውላ ላይ እንደ አምባዛ አወጣኝ። ንፍጤ ከእንባዬ ተቀላቅሎ እየሳልሁ ቀና ስል አባቴ ከላዬ ቆመዋል።

«ምን ሆነችብኝ?» አሉ።

አሰልጣኙ ምን እንደሆንሁ ያውቃል። ባልደረቦቼም ያውቃሉ። ሁሉም ጣውላውን አዩ።

«ምንም አይደል የኔታ» አለ አሰልጣኙ። «ውሃው ከብዷት ነው። ደነገጠች። እንግዲህ ሴት ልጅ ናት፣ ባይሆን በሌላ ሥራ…»

ይኸን ሲል ጥልቁ ሐይቅ ከእጄ ወጣ። ያስቀረኝ ውሃው ሳይሆን አንዲትን ቀበቶ በስሟ መጥራት ያቃተው ሰው ነው። እኔም ከእሱ አልሻልም፤ እሱ በአፉ፣ እኔ በሰውነቴ ደብቀናታል። ተናደድሁ፤ በእሱም በራሴም።

«አልደነገጥሁም» አልሁ። ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ወጣ። «በእግሬ መሃል የሚያልፈውን ቀበቶ ስላላደረግሁ ነው። ብረቱን ወደ ታች የሚይዘው እሱ ነው። እሱን ትቼ ገባሁ።»

አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ጆሮዬ ድረስ ጋልሁ፤ ጣውላው ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስታዬ ነበር።

«ታዲያ ለምን ሳታደርጊው ገባሽ ልጄ?» አሉኝ አባቴ።

«እርስዎን አፍሬ።»

 መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። አባቴን ሲቆጡም ሲያዝኑም አውቃቸዋለሁ፤ ይኸን ፊት ግን አላውቀውም። ሰው ሁሉ እያያቸው ያፈሩት እሳቸው ነበሩ።

«እኔን አፍረሽ ልትሞቺ ነበር?» አሉ ቀስ ብለው።  ከዚያ ወደ አሰልጣኙ ዞሩ። «ቀበቶው አለ?»

«አለ፣ የኔታ።»

«አምጣላት።»

አመጣላቸው። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ዳዊት ሊደግም እንደ ቀረበ ተማሪ ነበር ያቀረበው። አባቴ ተቀብለው ሳያዩት ሰጡኝ። መቋሚያቸውን ጣውላው ላይ አስተኙ፤ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና በሁለት እጃቸው ዘርግተው በእኔና በሕዝቡ መካከል ቆሙ። ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ ፊታቸው ወደ ተሳላሚው ነው። ያን ሁሉ ሰው እያዩ፣ በበዓል ቀን፣ ለልጃቸው መጋረጃ ሆኑ።

ተንበርክኬ ቀበቶውን ከብረቱ ጫፍ አሰርሁ። ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። በእግሬ መሃል አሳልፌ ወደ ፊት ሳብሁት። የአባቴን ጀርባ እያየሁ እንደዚያ ማድረግ እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

«ጠበቀ?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«ጠብቋል።»

«ደግመሽ አጥብቂው።»

ደግሜ አጠበቅሁት። «ጨርሻለሁ፣ ያውርዱት» ልላቸው አፌን ስከፍት ልቅሶ መጣብኝ። ለማልቀስ ደግሞ አፈርሁ። መተንፈሻውን ጎረስሁና ምንም ሳልናገር ከጣውላው ወደ ውሃው ተንሸራተትሁ። አሰልጣኙም ተከተለኝ።

ብረቱ ከዚያ በኋላ ከጀርባዬ ንቅንቅ አላለም፤ ፈተናውን አለፍሁ፤ ጥልቁን ሐይቅም ወርጄ አየሁት። ስላየሁት ሲጠይቁኝ ብዙ አወራለሁ። ይኸን ግን ለማንም አላወራሁም፦ ያን ጠዋት ከመጥለቄ በፊት ከውሃው ዞር ብዬ ወደቡን አይቼ ነበር። ባልደረቦቼ ጫማቸውን ያያሉ፤ ተሳላሚው አንገቱን ደፍቷል። አባቴ ከጀርባቸው ማንም በሌለበት ጋቢያቸውን እንደ ዘረጉ ቆመዋል፤ ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል፤ ልጅዎ ሄዳለች ለማለት የደፈረ አንድ ሰው አልነበረም።